የሀሊሞ ጽሑፍ ለምን ተሰረዘ?

«ሄሎ… ማን ልበል?… ሀሊሞ? ዳበል ያለሽው ነርስ? ካሪቡ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! — ካልቱማ፣ እስቲ ሬዲዮኑን ቀንሺልኝ። — እሺ፣ አሁን ይሰማኛል።»

መምህር ያታኒ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንያታ ሰፈር ከባለቤታቸው ከካልቱማ ጋር ከሚኖሩበት ቤት ሆነው፣ ከየቦታው ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር የድንበሩን የጦርነት ታሪክ በኢንተርኔት ላይ በጋራ ይጽፋሉ። አዲስ ጸሐፊ መቀበል የእሳቸው ድርሻ ነው። ሀሊሞንም ባለፈው ሳምንት በጽሑፍ ተቀብለዋታል፤ ድምፅዋን ሲሰሙ ግን ገና የመጀመሪያቸው ነው።

«አዎ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብዬ የላክሁልሽ እኔ ነኝ።… ስለ ወንድ አያትሽ አሟሟት የጻፍሽው መሰረዙን? አይቻለሁ።… አይ፣ የአጻጻፍሽ ችግር አይደለም። ምንጭ የለውም ተብሎ ነው።… ሴት አያትሽ ቢነግሩሽም፣ የታተመ ነገር ነው የሚፈለገው።… ቆይ፣ ቆይ። አንድ መኮንን የጻፈው መጽሐፍ አለ። "ጎልቦ ላይ አንድ ሽፍታ ተገደለ" ይላል፣ በቃ። እሱ ምንጭ ነው። የወንድ አያትሽ የሁካ ስም እንኳ የለበትም።… ይመራል። እኔንም መሮኛል።… ማን ሰረዘው?»

ያታኒ ስልኩን ከቀኝ ጆሯቸው ወደ ግራው አዞሩት።

«አለሁ፣ አለሁ።… እኔ ነኝ የሰረዝኩት።… አዎ፣ እኔ! እዚያ ድረ ገጹ ላይ በሌላ ስምም እገባለሁ።… ልጄ፣ አስጨርሺኝ። ምንጭ የለውም ያልኩት ውሸቴን ነው። እዚያው ነበርኩ እኮ! አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ የወታደሮቹ አስተርጓሚ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በመኪናቸው ይዞኝ ሄደ።… ሽፍታ? ኧረ ምን ሽፍታ! ሁካ መንገድ መሪያቸው ነበር። ውሃ ያሳያቸው እሱ ነው። ኩርባው ላይ ስንደርስ ተኩስ ተከፈተና ሁለት ወታደር ሞተ። መኮንኑ በስዋሂሊ "ይህ ሰው ያውቅ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ሁካ በኦሮምኛ "በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አላወቅሁም" አለ። አባቴ…»

ካልቱማ በሩን ከፍታ አየቻቸው።

«— ካልቱማ፣ እባክሽ፣ ለጊዜው ተዪኝ። — አባቴ… "አውቅ ነበር ይላል" ብሎ ተረጎመው።… ሄሎ?… ለምን? በውሃ ጉድጓድ ወረፋ ከሁካ ጋር ተጣልተው ነበር። ለዚህችው ነው።… እኔ? ስዋሂሊውን ከትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛውን ከእናቴ… ከአባቴ ሌላ ሁለቱንም የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ዘጋሁ።… አዎ። ሲተኩሱበትም ዝም አልኩ።… ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሌላውን ጦርነት ሁሉ እየጻፍኩ የጎልቦን አለፍኩት። አንቺ መጥተሽ ስትጽፊው ደግሞ ሰረዝኩብሽ።»

ያታኒ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ይበልጥ አስጠጉት።

«ጻፊው። አባቴ ዲባ ይባላል፤ ስሙን ጻፊ። የእኔንም ጨምሪ። ለጋዜጠኛ ቃሌን እሰጣለሁ፣ ይታተምና ምንጭ ይሁንሽ።… ምን ላድርግልሽ ታዲያ? ይቅርታ እንዳልልሽ… ሄሎ? ሀሊሞ?… ትሰሚኛለሽ?»

ካልቱማ ከበሩ ላይ ሆና ኔትወርኩ ሄደ እንዴ አለቻቸው።

«አይ፣ ኔትወርኩስ አለ። እሷ ናት የዘጋችብኝ።… ደግ አደረገች።»