ማረሻውን በስልክ የሰሙት አያ

ደምበጫ አጠገብ የፊልም ድምፅ እየቀረጽኩ ነው። ትዕይንቱ እርሻ ነው፤ ነገ ማርያም ስለሆነች በሬ አይጠመድም፣ ያለን ዛሬ ብቻ ነው። የበሬዎቹ ባለቤት አያ ጥሩነህ እግራቸውን ታመው አማኑኤል ከተማ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። «ሲያርሱ ካልሰማሁ በሬዎቼን አልሰጥም» ስላሉ ማይክ እርፉ ላይ አሰርኩና ድምፁን በስልኬ ኢንተርኔት ወደ ልጃቸው ስልክ በቀጥታ ለቀቅኩላቸው። ዳይሬክተሩ «ደግሞ ለባላገር ሬዲዮ ከፈትክ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ተዋናዩ ሁለት ትልም እንዳረሰ ሌላኛው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አያ ናቸው። «አስቁም ልጄ፣ ቅጭ ቅጭ ይላል፤ ማረሻው ላልቷል። የበሬዬን እግር ሊቆርጠው ነው።» የድምፅ ሰው ቀረጻ መሀል አይጮኽም፤ እኔ ግን «አቁሙ» ብዬ ጮኽኩ። ዳይሬክተሩ ደሙ ፈላ። አያ ያሉትን ስነግረው «ያ ቅጭቅጭታ እኮ ውበቱ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር። ጎንበስ ብለን ስናይ ግን ማረሻውን የሚይዘው የብረት ቀለበት ሊወልቅ ምንም አልቀረውም።

አጥብቀን ደገምነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ጨረስን። እስክንጨርስ ድረስ በየቀረጻው መጨረሻ ዳይሬክተሩ ስክሪኑን ትቶ ወደ እኔ እየዞረ «አያ ምን አሉ?» ይል ነበር። እኔም «ቆይ፣ ኢንተርኔቱ ይዘገያል» እያልኩ ከሚገባው በላይ አስጠብቀው ነበር።