የዳና ስድስት በሬዎች

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሶዶ ለተከፈተው ትምህርት ቤት የመማሪያ መጽሐፍ ከሚያሰናዱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ የሒሳቡ ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። መቀነስን ለማስተማር፣ «ዳና ስድስት በሬ ነበረው፤ ሁለቱ ሞቱበት፤ ስንት ቀሩት?» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ልጆቹ እየጮኹ ሲያነቡት ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ዳና የሚባሉ ገበሬ አስር ያህል አባቶች አስከትለው ከተፍ አሉ። እውነትም ስድስት በሬ አላቸው ለካ!

«መምህር፣ በሬዎቼ ምን አደረጉህ? ልጆቻችን በየቀኑ ‘ሞቱ፣ ሞቱ’ ይላሉ። ትናንት አንዱ ሣር አልበላም አለ። ይህን ካልፋቅህ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን» አሉኝ።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ባዶ ሊቀር መሆኑን ሳስብ ግን ዋጥኩት። ወዲያው «ሞቱበት»ን ፍቄ፣ «ሁለቱን ወደ ሁምቦ ለግጦሽ ላካቸው» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ፊታቸው ፈካ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ።

እኔም ደስ ብሎኝ፣ «ታዲያ አባቴ፣ ስንት ቀሩ?» አልኳቸው።

«ስድስት።»

«ሁለቱ እኮ ሄደዋል።»

«ቢሄዱስ? ግጦሽ የሄደ በሬ የእኔ መሆኑ ቀረ?»

አባቶቹ ሁሉ «ስድስት! ስድስት!» እያሉ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለእኔ «አራት»፣ ቤታቸው ለአባቶቻቸው «ስድስት» እያሉ፣ ሁላችንንም ደስ አሰኝተው መቀነስን ተማሩ።