ቫት ምንድነው ቢሏት

(መጋረጃ ነጋዴው አቶ ይመር፣ ወልድያ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ከልጁ አስተማሪ ከመምህርት ዘርትሁን ጋር ተፋጥጧል፤ ልጁ ሐሊማ ነገ ከገቢዎች በሚመጡ እንግዶች ፊት ስለ ግብር ልትናገር ተመርጣለች።)

ይመር፦ ዜሮ ስጪያት ነው የምልሽ!

ዘርትሁን፦ ለልጁ ዜሮ የሚለምን አባት ዛሬ ገና አየሁ። ክፍሉን ያስጨበጨበችው እሷ ናት እኮ።

ይመር፦ ስቀውባት ነው እንጂ!

ዘርትሁን፦ መጀመሪያ ሳቁ። «ቫት ምንድነው?» ስል ሌላው የሸመደደውን አነበነበ። ሐሊማ ግን ተነሥታ «ደረሰኝ የጠየቀ ሰው የሚቀጣው ቅጣት ነው» አለች። ከምሯ ነው! ሱቅ ስታግዝዎት የምታየውን ነው የተናገረችው። እርስዎ ደንበኛውን «በቫት ነው ያለ ቫት?» ይላሉ፤ በቫት ያለው ይጨመርበታል፣ ያለ ቫት ያለው ይቀነስለታል። ይኼን ስታስረዳቸው ነው ያጨበጨቡላት።

ይመር፦ ታዲያ ተሳስታለች፣ አርሚያታ! ለዚህ አይደል ደመወዝ የሚከፈልሽ?

ዘርትሁን፦ ማነው የሚከፍለኝ?

ይመር፦ መንግሥት ነዋ።

ዘርትሁን፦ ከየት አምጥቶ?

ይመር፦ ያትመዋላ!

ዘርትሁን፦ እሷም እንዲሁ ብላኝ ነበር። ለካ ከቤት ነው የተማረችው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «አራት ልጅ በአንድ ዴስክ! መንግሥት የለም ወይ?» ብሎ የጮኸውስ ማን ነበር?

ይመር፦ እኔ ነኝ። ዋሸሁ?

ዘርትሁን፦ ኧረ ልክ ነዎት! ዴስኩ የሚገዛበትን ቫት እርስዎ ለደንበኛ ይመርቁታል፣ ከዚያ እዚህ መጥተው ይጮኻሉ። ሐሊማ አሁን ይኼ ገብቷታል። ነገ የምትናገረውም ይኼንኑ ነው።

ይመር፦ በገቢዎች ሰዎች ፊት! እኅቴ፣ ሱቄን ያሽጉብኛል። እሷስ የምትበላው ከዚያው አይደል? ሌላ ልጅ ምረጪ፣ በልጆችሽ!

ዘርትሁን፦ የሱቁን ስም አትጠራም። «አንድ መጋረጃ ሻጭ» ነው የምትለው።

ይመር፦ ስንት መጋረጃ ሻጭ አባት አላትና!

ዘርትሁን፦ እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ ይቁረጡ። «ድሮ እንዲህ ነበር» ብላ ትናገርልዎታለች።

ይመር፦ ቆይ ቆይ፣ አንቺስ? ባለፈው ወር ለሳሎንሽ መጋረጃ ስትገዢ «ያለ ቫት ስንት ይሆንልኛል?» ያልሽኝ ማነሽ? ጠቅልላ የሰጠችሽ እኮ ሐሊማ ናት! እስቲ እሱንም ትናገረው!

ዘርትሁን፦ ትናገረዋለች። የሻጩን ስም እንድትዘለው፣ ደንበኛዋን ግን ከነአባት ስሟ እንድትጠራት ነግሬያታለሁ።