የፈረንጅ ጭስ በአደራ

ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ከጎናቸው ላለችው ወጣት ጭንቀታቸውን ያወራሉ።

«እሑድ ልጄን እድራለሁ። ለዳስ የሚሆን እንጨት ግን አጣሁ።»

«ባሕር ዛፍ የለዎትም እንዴ፣ አባባ?»

«ሞልቶ! ግን የፈረንጅ ጭስ አለበት።»

«የምን ጭስ?»

«የፋብሪካቸው ነዋ! የፕሮጀክት ሰዎች መጥተው አስረድተውናል። ፈረንጆቹ እዚያ አገራቸው ያጨሳሉ፣ የእኛ ዛፍ እዚህ ይውጥላቸዋል። ለዚህ ይከፍሉናል፤ እኛም አንቆርጥም።»

«ከጎረቤት አይዋሱም?»

«አገሩ ሁሉ ጭስ ተቀብሏል እኮ!»

«ጥቂት ቢቆርጡ ማን ያያል?»

«በስማም! አደራ እኮ ነው። የሰው እህል ጎተራዬ ቢቀመጥ እነካለሁ?»

«ይኼ እኮ ጭስ ነው!»

«ጭስም ቢሆን የሰው ነው።»

ወጣቷ ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያውስ ይቁረጡት፤ ግን እንዳያነዱት። እንጨቱ ካልነደደ ጭሱ ከውስጡ አይወጣም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።»

ሽማግሌው ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ወደ ቤት ደወሉ።

«ሄሎ! ዛፉን ቁረጡ! ግን ከዳሱ አንዲት እንጨት የሚያነድ ቢገኝ አደራ በላ ነው፤ ዘመዴም አይደለ! የሰርጉን ወጥ በኩበት ሥሩ!»

«አባባ፣ ኩበቱስ አይጨስም?»

«ይጨስ! እሱ የራሴ ላም ጭስ ነው።»

እኔም እግሬ ሥር ያስቀመጥሁትን ከመሸንቲ የገዛሁትን የባሕር ዛፍ ከሰል ቀስ ብዬ በነጠላዬ ሸፈንሁት።