ከኤልቤቴል ክንድ ተቆርጦ ስለወጣው ክትባት

የምስክር ስም፦ ባርኮት ፈለቀ በራሶ
ዕድሜ፦ 29 ፆታ፦ ሴት
ሥራ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት
አድራሻ፦ ጌዴኦ ዞን፣ ወናጎ ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ፈይሰል ጀማል

ሟች ወይዘሮ ኤልቤቴል ፈለቀ የእናት የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ዓመት በቡና መፈልፈያ የሚሠራውን አቶ ሲላስን አግብታ ከወናጎ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ከባሏና ከአማቷ ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። ገና ልጅ አልወለደችም።

በጥቅምት ወር መጀመሪያ አንድ የጥናት ቡድን በቀበሌው ጤና ኬላ አዲስ ዓይነት የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት መስጠት ጀመረ። የሚከተቡት ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ ፈቃደኛ ሴቶች ነበሩ። ሟች ብቻዬን አልሄድም ስላለችኝ አብሬያት ሄድኩ። ክትባቱን የሰጠችው ነርስ ሲስተር መሪማ ትባላለች። ፈሳሹ ከተወጋ በኋላ ከቆዳ ሥር እንደሚረጋ፣ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ተልባ እንደሚዝለገለግ፣ ክትባቱን በውስጡ ይዞ ለወራት ቀስ እያለ እንደሚለቅና ሴቶቹ ለሌላ መርፌ መመላለስ እንደማያስፈልጋቸው አስረዳችን። "እብጠቱን አትነካኩት፤ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ደግሞ ዛሬውኑ አይከላከልላችሁም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ቁስል ካገኛችሁ ወደ እኛ ኑ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሟች ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን እየዳሰሰች "ባቄላ ዘሩብኝ እኮ" ብላ ስቃለች።

ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ማህፀን የሚዘጋ መድኃኒት ነው የሚል ወሬ በቀበሌው ተሰማ። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሟች ደውላ "አማቴ ክንዴን ስታይ ምግብ አይወርድላትም" አለችኝ። የፊታችን እሁድ መጥቼ አስረዳቸዋለሁ አልኳት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ግቢያቸው ስሄድ ግን ክንዷ በጨርቅ ታስሮ አገኘኋት። ፈትቼ ሳየው ቁስሉ ላይ ቅጠልና አፈር ተለጥፎበት ነበር። ሲቆረጥ አላየሁም። የቆረጠው በአካባቢው እንጥል በመቁረጥ የሚታወቀው አቶ ገሪማ መሆኑን የነገረችኝ ሟች ራሷ ናት። "አማቴ 'ወይ ይውጣ፣ ወይ ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ' አለችኝ። ሲላስ ይከለክላታል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ክንዴን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው" አለችኝ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን አጠገባችን ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ አልካዱም። "ልጄ፣ ክፉ አስቤ አይደለም። የልጅ ልጅ ልይ ብዬ ነው። ወጣላት፣ ተገላገለች" አሉኝ።

ያኔውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን "ደግሞ ሌላ መርፌ?" ብለው ተቆጡ። ሟችም ከሄድኩ አያስገቡኝም ብላ እምቢ አለችኝ። ለሲስተር መሪማ ደወልኩላት። በማግስቱ በባጃጅ ሄዳ ሲላስ በር ላይ "የለችም፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች" ብሎ እንደመለሳት ነግራኛለች። ሟች ቤት ውስጥ እንደነበረች በኋላ አረጋግጫለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲላስ ደውሎ "አፏ አልከፈት አለ፤ እየጸለይን ነው" አለኝ። መኪና ተከራይቼ ዲላ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ገና እንዳያት ከአፈሩ ወደ ቁስሏ የገባ መንጋጋ ቆልፍ ነው አለ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሰውነቷ እንደ ቀስት ይለጠጥ ነበር። ነፍሷን አውቃ ነበር፣ ታየኝ ነበር፣ ግን መናገር አልቻለችም። ጥቅምት 28 ቀን አረፈች። የመጨረሻ ቃል እንኳ አልተናገረችም፤ አፏ ተይዞ ነበር።

በለቅሶው ላይ ወይዘሮ ጥሩብርሃን "መርፌው ልጄን በላት" እያሉ አለቀሱ፤ ለቀስተኛውም ተቀበላቸው። ልታስተዛዝን የመጣችውን ሲስተር መሪማን ሰድበው አባረሯት፤ የመጣችበት ባጃጅም በድንጋይ ተመታ። ከቀብር በኋላ ሲላስ ቤቴ መጥቶ "ባርኬ፣ እናቴ አርጅታለች። ለጠየቀሽ ሁሉ መርፌው ነው በይ። በዚህ ማን ይጎዳል?" አለኝ። አባቴ አቶ ፈለቀም "ልጄ፣ እሷን አትመልሻትም። ከጋብቾቻችን ጋር ደም አታቃቢን" ብሎ ለመነኝ። ሽማግሌም ተላከብኝ። ዝም ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሟች ጋር አብረው የተከተቡ ሦስት ሴቶች በሲላስ እናት ምክር ወደ አቶ ገሪማ ሄደው እብጠቱን እንዳስቆረጡ ሰማሁ። ከሦስቱ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ወይዘሮ መንበረ ቤት ሮጥኩ። ክንዷ እንደ እህቴ ክንድ በጨርቅ ታስሯል። "እህትሽን የገደለውን አስወጣሁት፤ ጌታ ይመስገን" ብላ ተቀበለችኝ። በሯ ላይ ተቀምጬ እህቴ እንዴት እንደሞተች አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷ አልሰማም ብላ ጆሮዋን ደፈነች፤ ባሏ ግን ተነስቶ ባጃጅ ጠራ። ሆስፒታል ቁስሏ ታጥቦ መከላከያ መርፌ ተሰጥቷታል፤ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበረች። ሌሎቹ ሁለቱ በራቸውን አልከፈቱልኝም። ስማቸውንና ቤታቸውን ለሳጅን ፈይሰል ተናግሬያለሁ፤ ይህ ቃል መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሰው እንዲላክላቸው ለምኛለሁ።

እህቴን የገደላት ክትባቱ አይደለም። ክትባቱ ሥራውን ሳይጀምር ከክንዷ ወጥቶ ተጥሏል። አቶ ገሪማ ቆርጧል፤ ወይዘሮ ጥሩብርሃን አስቆርጠዋል፤ ሲላስ ክንዷን ይዟል። በሕግ ፊት ቀርቤም ይህንኑ እናገራለሁ። አባቴ ዛሬ ወደዚህ እንደምመጣ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ አልጨመርኩም፣ ለማንም ብዬም አልቀነስኩም።

የምስክር ፊርማ፦ ባርኮት ፈለቀ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፈይሰል ጀማል