የማርቲ የክርስትና ማር

«አንቺ ልጅ፣ ያየሽውን ሁሉ ብትናገሪ ኖሮ ይህ ክፍል አለቃ ባላስፈለገው ነበር» ብለዋት ነበር መምህሯ ጋሽ ገሠሠ፣ አብርሆት ከስምንተኛ ክፍል ደብተሯን ሰብስባ በወጣችበት ቀን። እሷም እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ አግብታለች፣ ማርቲን ወልዳለች፤ ዝምታዋ ግን እንዳለ ነበር።

ዝምታዋ የተሰበረው ሺሺንዳም ቦንጋም አይደለም። በሁለቱ መሃል፣ ጫካ ውስጥ፣ ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጡራን እጅ ሳለች ነው። ከሺሺንዳ የተነሳው ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ከነጣሪያ ጭነቱ ከመንገድ ላይ ብድግ ተደረገና ሰዉ አንድ ክብ ክፍል ውስጥ ተዘጋበት። ግድግዳው እንደ ላም ሆድ ይሞቃል፤ ብርሃኑ አይጠፋም። ያዦቹ ረጃጅም፣ እርጥብ፣ ፊት የሌላቸው ናቸው፤ ሰዉ «አከራዮቹ» ይላቸዋል። ቃል አይሰሙም፤ መሬት ላይ በጣት ሲሳልላቸው ግን ይገባቸዋል። ከግድግዳው ማዶ ጉሬዛ ሲጮህ ስለሚሰማ፣ ከካፋ ጫካ እንዳልወጡ ሁሉም ያውቃል። የቸገረው ከዚህ ክፍል መውጣቱ ነው እንጂ መንገዱስ ቅርብ ነው።

እስረኞቹ ወለሉ ላይ የተቀመጡት በሚኒባሱ ወንበር ተራ ነው። የተከፈለበት ቦታ ነውና ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ማንንም አላስነሳም። ከፊት፣ ከሾፌሩ ከተሰማ ጎን፣ የጋቢናው ሰው አለ። ቦንጋ ቢሮ የሚሠራ፣ ክራባቱን እስካሁን ያልፈታ፣ የማምለጫውን ኮሚቴ «እኔ ልሰብስብ» ብሎ የተረከበ ነው። አከራዮቹም ምግብ ከማስገባታቸው በፊት ሁልጊዜ እሱን ብቻ ጠርተው ይወስዱታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል። ግድግዳው ለምግብ መከፈት ሲጀምር ሁሉም በሹክሹክታ አባታችን ሆይን ሊደግም፣ አሜን ሲል ወደ ቀኝ፣ ወደ ጫካው ሊሮጥ ተስማምተው ነበር። ጴንጤዎቹ አሜን ብለው ሲነሱ ኦርቶዶክሶቹ ገና እመቤታችን ማርያም ሆይ ላይ እንደሚሆኑ ማንም አላሰበም። ግማሹ ሮጠ፣ ግማሹ ተቀምጦ ጸለየ። ሁሉም በመረብ ተለቅመው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጴንጤው መምህር ኢሳያስና ኦርቶዶክሱ ሾፌር ተሰማ አይነጋገሩም። አንዱ «ጸሎት አስረዘማችሁ» ሌላው «ጸሎት ቆረጣችሁ» እያለ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል።

አብርሆት ግን ሌላ ነገር አይታለች። መረቡ የተዘረጋው ከመጀመሪያው አሜን በፊት ነው። የጋቢናው ሰውም ከአከራዮቹ ዘንድ በተመለሰ ቁጥር አፉ ነጭ ማር ነጭ ማር ይሸታል። ጭነቱ ላይ የነበረው ማር ደግሞ አንድ ባልዲ ብቻ ነው፤ አማቷ አበባው ነጭ ማር ከሚሰጠው ከጌተም ዛፍ ላይ ያወረዱት፣ ለማርቲ ክርስትና ጠጅ እንዲጣልበት ወደ ቦንጋ ትወስደው የነበረው።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። በየንጋቱ በሚጮኸው ጉሬዛ ሲቆጠር ማርቲ ሰባ ስምንት ሆኗታል፤ የእናቷም ጡት አከራዮቹ በሚያስገቡት ግራጫ ምግብ እየነጠፈ ነው። አዲሱ ዕቅድ ለዛሬው ምግብ ነው፤ እስከ ሃያ ተቆጥሮ ወደ ግራ፣ ተሰማ የናፍጣ ሽታ ወዳገኘበት፣ ሚኒባሱ ወደቆመበት። ይህን ሁሉም ያውቃል። የጋቢናው ሰውም ያውቃል፤ ትንሽ ቆይተውም ይጠሩታል። አንዲት መስመር ወደ ግራ ከሳለላቸው ሁሉም ነገር አለቀ።

በግልጽ ብትከሰው ለሁለት የተከፈለው ክፍል ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። እትዬ በዛወርቅ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ጮክ ተብሎ ነው የሚወራላቸው።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ወገብዎ እንዴት ዋለ? ... እኔ ደህና ነኝ። ‹ዋለ› ‹አደረ› ማለቱ ራሱ ቀረ እኮ፣ ፀሐይ በሌለበት። ማርቲ ስታንቀላፋ ማታ ነው እላለሁ፣ ስትነቃ ጠዋት። ዛሬ ሦስት ጊዜ ነጋልን። ... ደህናውን ጆሮዎን ወደ እኔ ያዙሩልኝማ። የምጮኸው የምደብቀው ስለሌለኝ ነው፤ ደግ ሰው ላመሰግንልዎት ነው።

«ስም ግን አልጠራም። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ሲነሳ ያፍራል። ያፍራል ወይ? ... ያፍራል እንጂ፣ ምን ነካኝ።

«ይዩማ፣ እኛ ምን መስለናል? የእኔ ቀለበት ከጣቴ እየወለቀ ቢያስቸግረኝ በክር ማርቲ አንገት ላይ አሰርኩት። ተሰማ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚነሳው። እሱ ብቻ ፊቱ ወዛ፣ ጉንጩ ሞላ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ጠበበው። እስር ያማረበት ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔስ ገና ማየቴ ነው። አንዳንዱን ሰው ጭንቀት ይስማማዋል መሰለኝ... የሌላው ሰው ጭንቀት።

«ትዕግሥቱስ? ይጠሩታል፣ ይሄዳል፤ ማርቲ ሁለት ጊዜ ጡቴን ጠብታ እስክትጨርስ አይመለስም። ሲመለስ ‹ምን ጠየቁህ?› ስንለው ‹ምንም› ይላል። ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳይጠየቅ የሚቀመጥ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? እኔ ቀበሌ ወረፋ ላይ ግማሽ ሰዓት ስቀመጥ ነፍሴ ትወጣለች። እሱ ምንም አይጠየቅ፣ ምንም አይመልስ... አፉን ብቻ እየጠራረገ ይመጣል።

«ጥንቃቄውስ? ማን በየት በኩል እንደሚሮጥ ሁለቴ ሦስቴ አስደግሞ ይጠይቀናል፤ ‹ለሁሉም ግልጽ ይሁን› እያለ። ሆነ እኮ። ለሁሉም ግልጽ ሆነ፣ ከግድግዳው ማዶ ላሉትም። ... እኔ መቼም ትምህርቴን አልጨረስኩም፣ የተማረ ሰው ካለ ያስረዳኝ። እነዚያ አከራዮች ጆሮ የላቸውም፣ አሜን አይሰሙም። መምህር ኢሳያስ ገና ‹የዕለት እንጀራችንን› ላይ ሳለ መረባቸውን ወጥረው ቆመው ነበር። ለማርቲ ጨርቅ ስቀይር በተከፈተው ስንጥቅ በዓይኔ ነው ያየኋቸው። ታዲያ ትንቢት የተገለጠላቸው ከየት ነው? እኛ ግን የማን ጸሎት ረዘመ፣ የማን አጠረ እያልን ስንት ምግብ አሳለፍን።

«እሱ ምስኪን በዚህም ደክሟል። ተሰማ ዘንድ ሄዶ ‹እነኢሳያስ ናቸው ያበላሹት› ይላል፤ ኢሳያስ ዘንድ ሄዶ ‹እነተሰማ ናቸው› ይላል። አንዱንም አላስቀየመም። ሁለቱም ይወዱታል፤ የተጣሉት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አስታራቂ አገራችን ውስጥ ቢበዛ ፍርድ ቤት ሥራ ያጣ ነበር? ... አላውቅም፣ ብቻ ሥራ አያጣም።

«ከሁሉ የወደድኩለት ግን ትንፋሹን ነው። ይሳቁ እንጂ እትዬ፤ ባለትዳር ነኝ፣ ክፉ አላሰብኩም። የእኛ አፍ ይህን ግራጫ ነገር ከበላን ወዲህ ምን ምን ይላል? ዝናብ የመታው ጣውላ። እሱ ቅድም በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ... አማቴ ግቢ ገባሁ። ጌተም ያበበ ጊዜ፣ አማቴ ዛፍ ላይ ሆነው ‹ባልዲውን አቅርቢ› ሲሉኝ። ነጭ ማር፣ እትዬ። ላዩ ላይ ደግሞ የእርስዎ ኮረሪማ አለበት፤ ባልዲዬና ኬሻዎ ጣሪያው ላይ በአንድ ገመድ ነበር የታሰሩት፣ ያስታውሳሉ? ካፋ ተወልዶ ነጭ ማር የማይለይ አፍንጫ ይኖራል? ... እኔ ግን አልጠረጠርኩም። ቅዱሳን መዓዛ አላቸው ይባል የለ? ምግባሩ ነው የሸተተኝ አልኩ።

«ያ ባልዲ ለማርቲ ክርስትና ነበር። ቤታችን ጠባብ ነው፣ ማንን ጠርቼ ማንን ልተው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ለካ ዋናው እንግዳ ቀድሞ ተስተናግዷል። የልጄን ድግስ ከበላ ዘመዳችን ሆነ ማለት አይደል? የክርስትና አባት እንዳላደርገው ሴት ሆነችብኝ፤ ለሴት የሚያስፈልጋት የክርስትና እናት ነው። ምን ይሻላል? ... ቀኗ ከነገ ወዲያ ነው። አማቴ ‹ማሩስ?› ያሉኝ እንደሆነ ‹ሥራ ላይ ውሏል› እላቸዋለሁ።

«አሁንም ሊጠሩት ነው። እንኳን እሱን ጠሩ። እኔን ቢጠሩኝ ጉድ ነበር፤ ርቦኛል፣ ጡቴ ነጥፏል፤ አንዲት ጣት ማር ቢያልሱኝ መሬቱ ላይ ወደ ግራ አስምሬላቸው እመጣ ይሆናል... ሰው ነኝ። እሱ ግን የተማረ ነው፤ ማሩንም ይውጣል፣ ቃሉንም ይውጣል። አይውጥም ይላሉ? ... ኧረ ይውጣል። ማርቲ እንኳ ታምነዋለች። ሲያልፍ ጠረኑን ተከትላ አንገቷን ታዞራለች... የራሷ ስለሆነ።

«በሉ፣ ስመርቅ አሜን ይበሉልኝ። እንደፈለጉ ያስረዝሙት፣ ዛሬ ኢሳያስም አይቆጣም። እግዚአብሔር ይህን ደግ ሰው ይባርከው። ማር ከአፉ አይጉደልበት። እኛ ወጥተን ክፍሉ ሲሰፋለት መሃሉ ላይ ዘርጋ ብሎ ይቀመጥ። አከራዮቹ ሁልጊዜ እሱን ብቻ ይጥሩ፣ አይሰልቹት። ይህ ብርሃን አይጥፋበት። ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምለት... እዚሁ። በአማርኛም በካፊኖኖም ስሙን የሚጠራ ሰው መጥቶ እንቅልፉን አይረብሸው።»

እትዬ በዛወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተሰማ ወደ ኢሳያስ አየ፣ ኢሳያስ ወደ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ጋቢናው። የጋቢናው ሰው እጁን ወደ ክራባቱ ሰደደ። በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ተሰነጠቀና ጠሩት፤ ማንንም ሳያይ ሄደ።

ማርቲ አንድ ጊዜ ጠባች። ሁለተኛውን ሳትጨርስ ተመለሰ። አንገቱ ላይ ክራባት የለም። በአብርሆት አጠገብ ሲያልፍ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች፤ የማር ጠረን የለም፣ እንደ ሁላቸውም ዝናብ የመታው ጣውላ ይሸታል። ማርቲም አንገቷን አላዞረችም። ሰውየው ወደ ጋቢናው አልሄደም፤ በአብርሆት ተራ ጫፍ፣ ሊሮጡበት ባለው በግራ በኩል፣ ወንበር እንዳጣ ተሳፋሪ ቆሞ ቀረ።

አብርሆት ልጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበችና፣ ወደ እትዬ በዛወርቅ አንድ ስንዝር ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።