በሁለት ወገን የተወራረደ ሪዝ

ና ግባ ወንድሜ፣ ተቀመጥ። ወንበሩ ይንቀጫቀጫል እንጂ ሰው ጥሎ አያውቅም። ጃኬትህን እዚያ ስቀለው… አዲስ ሸሚዝ ነው? ያምርብሃል። አንገትጌውን ወደ ውስጥ እጠፍልኝ፣ አረፋ እንዳይነካው። ውሃው ዛሬ ሞቅ ያለ ነው። መታጠቢያውን ከጠገንክልኝ ወዲህ እኔም ሰው መስዬ እሠራለሁ። ድሮ አንድ ፂም ላጭቼ እስክጨርስ ወለሉ ላይ ዳክዬ ማርባት ይቻል ነበር። አንተ እኮ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለህም፣ ሐኪም ነህ።

ቀና በል። አሁን ሳሙናውን ልቀባህ ነው፣ ከዚህ በኋላ አፍህን አትክፈት። አንተ ዝም በል፣ እኔ ላውራ። ይሄን ሙያ የምወደው ለዚህ ነው፤ አፉ ላይ አረፋ ያለበት ሰው አይከራከርም።

እዚያ አግዳሚው ላይ ያሉት ጋሼ ካንተ ቀጥሎ ተረኛ ናቸው። ይጠብቃሉ፣ ጋዜጣ ይዘዋል፣ ችኩል ሰው አይደሉም። በመስታወቱ ይታዩሃል አይደል? እንዲሁ እያቸው፣ አንገትህን አታዙር።

እና… ከተማው እንዴት ነው? እሁድ ደረሰ እኮ። ይሄ ሕዝበ ውሳኔ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ነቢይ ሆኖ አረፈው። ባለ ሥጋ ቤቱ ሚዛኑን እያየ «አብረን እንቆያለን» ይላል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሽሮፕ እየነቀነቀ «ነፃ አገር ሆነን እንሄዳለን» ይላል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ እንሂዶችና እንቆዮች ሆነናል። እኔ? እኔማ ሁለቱንም ነው የምላጨው። ፀጉር እንደሆነ አገር ቢሄድም ቢቆይም ያድጋል።

ውርርዱ ግን አልበዛም ትላለህ? ልብስ ሰፊው ምን እንዳስያዘ ሰምተሃል? ከተሸነፍኩ አንድ ወር ሙሉ አማቴን በብስክሌት ገበያ አመላልሳለሁ ብሎ ተወራርዷል። ምስኪን አማቱ! ማንም አልጠየቃትም። ብስክሌቱን ካየች ጀምሮ ያሸንፍ ዘንድ እየጸለየች ነው አሉ። ለየትኛው ወገን እንደምትጸልይ እንኳ አልነገሯትም፣ ዝም ብላ ነው የምትጸልየው።

አንድ ሰው ደግሞ አለ… አታውቀውም። ታውቀው ይሆናል፣ ግን አታውቀውም እንበል። እንደሱ ያለ አዋቂ አይቼ አላውቅም። ኢንሹራንስ ቤት ነው የሚሠራው። ከቤቱ ሲወጣ ጃንጥላም ይይዛል፣ የፀሐይ መነጽርም ይይዛል። ከዚያ ዘነበም ጠራም «ብያችሁ ነበር» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሊሳሳት ይችላል? ለእያንዳንዱ ሰው ልቡ የሚፈልገውን እኮ ነው የሚተነብይለት። እንሂዶች ሲመጡ «አለቀ፣ ሄደናል» ይላቸዋል። እነሱ ወጥተው እንቆዮች ሲገቡ «አንዲት እርምጃ አንነቃነቅም» ይላል። አንድ ቀን ሁለቱም ባንዴ ገቡበት። ምን አለ መሰለህ? «ውጤቱ በጣም የሚያስደስት ይሆናል።» ሁለቱም ጨብጠውት ሄዱ። ሰላም ወዳድ ነው፣ ምን ይደረግ?

የኮቱ ግራ ክፈፍ ሥር የእንሂዶች ባጅ አለ። የቀኙ ክፈፍ ሥር የእንቆዮች። እንደ ሰዉ አመጣጥ አንዱን ይገልጠዋል። ታዲያ አንድ ቀን ነፋስ መጣና ሁለቱንም ገለጣቸው… መንገድ መሐል። ደነገጠ? በፍጹም። «ባጅ እሰበስባለሁ» አለ። እኔ እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝም።

ሪዝ አለው ደግሞ። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ፣ ጥቁር፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። እኔ ነኝ የማስተካክለው… ማለቴ፣ እኔ ባስተካክለው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ብርሃኑ ይበቃዎታል? መጋረጃውን ልሰብስብልዎት? … እሺ።

እና ይሄ ሰው ከባለ ሥጋ ቤቱ ጋር ተወራረደ። «እንሄዳለን፣ ካልሄድን ሪዜ ይላጭ» አለ። ባለ ሥጋ ቤቱም የራሱን ፂም አስያዘ። ጥሩ። በማግስቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጎራ አለና እዚያም ተወራረደ። ምን ብሎ? «እንቆያለን፣ ከሄድን ሪዜ ይላጭ።» ለምን ብትለው፣ ኢንሹራንስ ነዋ! በሁለቱም በኩል ከገባህ አትወድቅም ባይ ነው። ሙያው ነው፣ አከብርለታለሁ።

ብቻ… ሁለቱም ሰዎች እኔ ዘንድ መጡ። ላጪው እኔ ነኛ! ባለ ሥጋ ቤቱ መጣና ካልሄድን ሰኞ ጠዋት ለሰውየው ወንበር ያዝልኝ አለኝ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ መጣና ከሄድን ሰኞ ጠዋት ለሰውየው ወንበር ያዝልኝ አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከሄድን ይላጫል። ከቆየን ይላጫል። በሁለት ወገን ያስያዘው ያንኑ አንድ ሪዝ ነው እኮ! ሌላ ነገር ቢያስይዝ፣ እሺ፣ በአንዱ ያጣውን በሌላው ይመልሳል። የባለ ሥጋ ቤቱን ፂም ግን ቢያሸንፍ የት ሊለጥፈው ነው? አገሩ በሙሉ እሁድ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀው የሱ ከንፈር ብቻ ነው። ውሃውን ካሁኑ ልጣድለት እንዴ? … አትሳቅ! ምላጭ ይዣለሁ።

ጉንጭህን ንፋ። እንዲያ።

እኔ ግን የማዝነው ለሪዙ አይደለም። ሪዝ ይበቅላል። እህቴን ታውቃት የለ? ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ… እንዴት አታውቃትም! ለመራጭነት ካርድ ፎቶ ልትነሳ ሄደህ ዓይንህን ጨፈንክ፣ «ድጋሚ» ተባልክ፣ ድጋሚም ጨፈንክ። በሦስተኛው ቀንም ሄደህ ጨፈንክ። እንዳንተ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም አለችኝ። ዓይንህን አሞህ ይሆን ብላ ተጨንቃ ነበር። እኔ ምን እንዳመመህ ገብቶኝ ነበር፣ ግን ወንድም ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

ይሄ የምልህ ሰው ከእህቴ ጋር ቃል ነበረው። ቃል እንዴት ያለ ቃል! ዕድገት ላግኝና እንጋባ አላት። ዕድገቱን አገኘ። ወንበሬን ልልመደውና አለ። ወንበሩ እሱን ለምዶ፣ አርጅቶ፣ በሌላ ወንበር ተተካ። ሰበብ ሊያልቅበት ሲል ሕዝበ ውሳኔው ከተፍ አለና ነፍሱን አተረፈው። እንዴት ብሎ እንዳስረዳት ልንገርህ፣ ትማርበታለህ። አሁን ብንፈርም የጋብቻ ወረቀታችን ላይ የሚያርፈው የማን አገር ማኅተም ነው አላት። ከሄድንስ? ወረቀቱ ሊሰረዝ ነው? እንደገና ልንጋባ ነው? አየህ ጥንቃቄ? ሌላው ወንድ ስለ ቀለበት ያስባል፣ እሱ ስለ ማኅተም ያስባል። እህቴን ምን ያህል ቢሳሳላት ነው!

እሷም ጠበቀች። ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ሙሽራ ሁሉ በእጁ ያልፋል። የሌላዋን ቬሎ ታስተካክላለች፣ የሌላዋን ባል «ትንሽ ጠጋ በላት» ትላለች። ቤት ስትመጣ ግን ስለ ሙሽሮቹ አታወራም፤ ስለ መብራት መቆራረጥ ነው የምታወራው። እኔ ወንድሟ ነኝ፣ ገብቶኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄ ነበር። ምላጭ ይዞ የሚውል ሰው መናደድ የለበትም፣ ግን በጣም ተናድጄ ነበር። የዚያን ሰው ሪዝ ጫፍ ጫፉን ሳስተካክል… ማለቴ፣ ባስተካክል ኖሮ፣ መቀሱን አስቀምጬ እስከ አሥር እቆጥር ነበር።

ጋሼ፣ ያቺን ገጽ ወደዷት መሰለኝ? የጠፉ ማኅተሞች ማስታወቂያ እኮ ናት። ስፖርቱ ጀርባዋ ላይ ነው።

የት ደረስኩ? አዎ። ባለፈው ሐሙስ ይሄ ሰው እዚህ… አንድ ቦታ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ይተነብያል። ባለ ሥጋ ቤቱ ለቀልድ ያህል ጠየቀው። አገር እንኳ ልሂድ ልቆይ እያለ ነው፣ ልጅቷስ አንድ ቀን ተነስታ ብትሄድብህ አለው። ሰውየው የሪዙን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ። ጠቀለለና፦

«እሷ የትም አትሄድም። በዚህ ላይ የሚወራረደኝ ሰው የለም።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፣ አፍሬበታለሁ። አንድ ሰው ግን አልሳቀም። ማን እንደሆነ እንጃ… ከመታጠቢያው ሥር በጀርባው ተጋድሞ ነበር፣ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። መፍቻው ከእጁ ወለሉ ላይ ወደቀ። ነቢያችን ሰማ? የት ይሰማል! የወደቡ ነጋዴዎች ድምፅ ወዴት እንደሚያደላ እያብራራ ነበር። ሩቅ ሩቁን ለሚያይ ሰው፣ እግሩ ሥር ማን እንደተጋደመ ምን ያደርግለታል?

ያ ሰው ተነሳ። ፊቱ ላይ ዝገት፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ። ግራ ቀኝ ሳያይ መንገዱን ተሻገረ፣ አንድ ታክሲ ጥሩንባውን ነፋበት። እኔ በመስኮት እያየሁ መቀሴ አየር ላይ ቀረ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛም ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደ ተንጨባረረ፣ ተነስቶ ከጎኔ ቆመ። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ አግቢኝ ብሎ ጠየቃት። ዓይኑን ሳይጨፍን። እህቴ ሕዝበ ውሳኔው ይለፍ አለች? ሰኞ ውጤቱን ሰምቼ ልንገርህ አለች? እጁን አየችና፦

«ታጠብና ና።»

በቃ። ይኸው ነው። አገር በሙሉ እሁድ የሚሰጠውን ድምፅ እሷ ሐሙስ ሰጠችው። ታዛቢ አልጠራች፣ ቆጠራ አልፈለገች። ሰውየውም ሊታጠብ ወደዚህ እየሮጠ መጣ። ቧንቧውን ከፈተው… ሥሩ ገና እንደተፈታ ነው፤ ማን ያስታውስ? ውሃው በሙሉ ጫማዬ ላይ ወረደ። ነቢዩ ያኔ እግሩን ብቻ ወደ አግዳሚው ሰብስቦ ትንተናውን ቀጠለ። ጫማዬ እስከ ዛሬ አልደረቀም፣ ስሄድ ድምፅ ያሰማል። አይቆጨኝም። ኋላ ስለ ማኅተሙስ ብዬ እህቴን ብጠይቃት፣ የማንም አገር ይሁን፣ ቀለም ካለው ይበቃኛል አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ነው ያለቀስኩት፣ ለማንም አትንገር።

አገጭህን ወደ ላይ። ቀጠሮህ ከምሳ በኋላ ነው አይደል፣ ማዘጋጃ ቤት? በሥራ ቀን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ቧንቧ ሠራተኛ… እኔ ምን አውቄ! እኔም እዚያው አካባቢ ጉዳይ አለኝ። ፎቶ ቤቱም ከሰዓት ዝግ ነው የሚል ወረቀት ለጥፏል፣ ምን ነክቷቸው ይሆን? አንዱ ምስክር እኔ ነኝ። ሁለተኛው እኔ ልሁን እኔ ልሁን ሲባባሉ ባለ ሥጋ ቤቱና ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊጣሉ ነበር፤ በኋላ ሁለቱም ይምጡ ተባለ። እንሂድም እንቆይም አንድ ወረቀት ላይ ሊፈርሙ ነው። ይሄን ማን ተነበየ? ማንም!

ጨረስን። ፎጣው ይኸው፣ ፊትህን ጥረግ። እስቲ ዙር… ፊት ማለት እንዲህ ነው።

ጋሼ፣ ምነው ተነሱ? ተራዎ ደረሰ እኮ። … ጋዜጣውን ይዘውት ይሂዱ፣ ግድ የለም። ሰኞ ጠዋት ግን አይቅሩ፣ ለዚያ ለማወራው ሰው በሁለት ሰው ትእዛዝ ወንበር ተይዞለታል። በሩ ጠበቅ ይላል፣ ገፋ ያድርጉት። … ምን ያያሉ? አዎ፣ እህቴ ናት፣ የፎቶ ቤቱን መዝጊያ እያወረደች ነው። እጇን አወዛወዘች መሰለኝ፤ ለርስዎ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰላምታ ታበዛለች።

ያንን ሰውዬ እኔ አልረግመውም ወንድሜ። ለምን ብዬ? ያን ቀን አፉን ባይከፍት አንተም እስከ ዛሬ ዓይንህን እየጨፈንክ ፎቶ ትነሳ ነበር። ባለውለታችን ነው። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ሪዙንም መልሶ ያብቅልለት። ትንቢቱንም አንድ ሳያስቀር ይፈጽምለት፤ እንዳለውም እህቴ የትም አትሂድበት… ከዚሁ ከመንገዱ ማዶ፣ ከነባሏ፣ ከነልጆቿ፣ ዕድሜውን ሙሉ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ትበለው።